የአውራ ጣት ያህል መስኮት

አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ፈሪ ነው። እኔ ግን የምፈራው በደመወዝ ነው። ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ላብራቶሪ የደኅንነት ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ በየክፍሉ እየዞርኩ «ይህ ሊፈነዳ ይችላል»፣ «ይህ ሊመርዝ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ነው። እስካሁን የፈነዳ ነገር የለም፤ አለቃዬ ይህን በእኔ ብርታት ይቆጥሩታል፣ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ በሥራው ከንቱነት።

ችግሩ ሥራው ከቢሮ ተከትሎኝ ቤት ገባ። ጨረሩን ፈርቼ ስልኬን ውጭ ኮሪደር ላይ አሳድረዋለሁ። ትኩስ ሻይ በፕላስቲክ ኩባያ አልጠጣም። ነጎድጓድ ሲሰማ ፍሪጁን እነቅላለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሲመጣ በኃይል ይመጣል ብዬ ቴሌቪዥኑን እነቅላለሁ። የጎንደርን መብራት የምታውቁ ሰዎች፣ በእረፍት ቀኔ ስነቅልና ስሰካ እንደምውል ይገባችኋል። ባጃጅ ውስጥ የሞተር ሳይክል ቆብ አድርጎ የሚሳፈር ሰው በከተማው ከእኔ በቀር አላየሁም። «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ሲተርቡኝ፣ እናቴ ራሷ «እኔም አልፈለግሁትም» ትል ነበር።

ለሁሉም ነገር መለኪያ ነበረኝ። ነገሩ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢደርስስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ሁለቱን በጭንቅላቴ አባዛና «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ» ብዬ እፈርዳለሁ። ከትርንጎ ጋር የተዋወቅነውም በዚሁ ጠባዬ ነው። አራዳ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ናት። የራስ ምታት ክኒን ልገዛ ገብቼ፣ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ የሚያትተውን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ሳነብ ከኋላዬ ሰልፍ ተሠራ።

«ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ራስ ምታቱ በራሱ ይተውሃል» አለችኝ።

እውነትም ተወኝ። በማግስቱ ሳያመኝ ሄድኩ። ከወራት በኋላ ላግባሽ ስላት ደግሞ፣ መለኪያዬን ታውቀዋለችና፣ «እኔንስ ስንት ሰጠኸኝ?» አለች። «መካከለኛ» አልኳት በቅንነት። ያን ቀን ስለሳቀች እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አባቷ አያ ቢምረው የዳባት ሰው ናቸው። ሽማግሌ አንድ ጊዜ ልከን ነበር፤ ሆኖም ንግግሩን የከፈቱት የነፍስ አባታችን መምሬ ካሳ ሆኑ። መምሬ ነገር ሲጀምሩ ከአዳም ነው። ይስሐቅና ርብቃ ዘንድ ሳይደርሱ ከብት ከመስክ ገባ፣ አያ ቢምረውም «ሌላ ቀን ኑ» ብለው ሸኟቸው። ቀጠሮው ለእሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ዳግመኛ ነገሩ ከተጓተተ ግን ሌላ ሽማግሌ እንደማይቀበሉ አስጠንቅቀዋል። ትርንጎም ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባ ቁርጡን ነግራኛለች። ያቺን እሑድ ካበላሸናት ትርንጎን አጣኋት ማለት ነው።

ስለዚህ አፍ ሆነው እንዲናገሩ አጎቴን አያ ታከለን ከጠዳ አመጣሁ። አያ ታከለ ገበሬ ናቸው፣ አንደበታቸው ማር ነው፤ የድንበር ጠበኞችን አስታርቀው አብረው ድግስ ያስበላሉ። ከእሳቸው ጋር መምሬ ካሳ አሉ፣ ለምርቃት ብቻ፤ ይህን በግልጽ ነግረናቸዋል። ሦስተኛው ጎረቤቴ ጋሽ ውብሸት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ልጁ ከሽማግሌዎቹ ጋር መሄዱ ነውር ነው። እኔ ግን የተከራየነውን መኪና ሹፌር አነዳድ ማን ይቆጣጠራል ብዬ ዳባት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ልጠብቃቸው አብሬ ተሳፈርኩ።

ሹፌሩ ሞላ ይባላል። ከጠዋት ጀምሮ «ሙሽራው» ነው የሚለኝ። ከጎንደር ወጥተን ዳገቱን እንደጀመርን አንድ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠው።

«ሞላ፣ ይህ ሽታ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«የቤንዚን የሚመስለው።»

«እ፣ እሱ ቤንዚን ነው» አለ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመምሬ ወንበር ሥር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ አፉ በፌስታል ተወትፏል። መምሬ እግራቸውን አሳርፈውበታል።

«ምነው ጣሪያው ላይ አታስረውም?»

«ማደያ ቤንዚን የለ፤ የያዝሁት እሱን ነው። ጣሪያ ላይማ ፀሐይ ይመታዋል።»

«እኛንስ ቢመታን?»

«እናንተ ውስጥ ናችሁ፤ ምን ይመታችኋል?» አለና ስልኩ ስለጮኸ አነሳው። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ጆሮው ላይ ነው።

መለኪያዬን አወጣሁ። የተዘጋ መኪና፣ የሚተን ቤንዚን፣ ገደል፣ በስልክ የሚስቅ ሹፌር። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ራሱ አነሰኝ። ቢያንስ ትነቱ ይውጣ ብዬ በአጠገቤ ያለውን መስኮት የአውራ ጣት ያህል ከፈትኩት።

«ማነው መስኮት የከፈተው?» አሉ አያ ታከለ። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት።

«እኔ ነኝ፣ አያ። ቤንዚን አለ።»

«ዝጋው።»

«ቢፈነዳ እኮ...»

«ቤንዚን ሲፈነዳ አላየሁም። ንፋስ ሰው ሲመታ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የአጎቴን ልጅ መትቶት አፉ ተጣሟል።»

«አያ፣ አፍ የሚጣመመው ነርቭ ሲታመም ነው።»

«ነርቩስ በየት ገባ? በመስኮት ነዋ።»

ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩት። እሳቸው እጃቸውን ሰደው ዘጉት። እኔ ስለ ትነት፣ እሳቸው ስለ ምች፤ እኔ ስለ እሳት ብልጭታ፣ እሳቸው መስኮት ሥር ተኝታ ስለቀረች አንዲት ሴት። ሞተሩ ዳገቱን ሲያቃስት እኛ ከሞተሩ በላይ እንጮሃለን። መምሬ መሐል ላይ ሆነው «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» እያሉ ነገሩን ያባብሱታል።

ከሁሉም ያዳመጡኝ ጋሽ ውብሸት ብቻ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «በእርግጥ ሊፈነዳ ይችላል?» ሲሉኝ፣ የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ አንዱንም ሳላስቀር አስረዳኋቸው። አንድ ብልጭታ እንደሚበቃ ነገርኳቸው። የሞላ ስልክ፣ የወንበሩ ብረት፣ የመምሬ መስቀል፣ ሁሉንም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ኮራሁ።

መንገዳችን ላይ ባለችው አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ጋሽ ውብሸት «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለው ሄዱ። ቆየት ብለን ስናይ ወደ ጎንደር በሚመለስ አውቶቡስ ደረጃ ላይ ቆመዋል። «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል!» ብለው በሩቁ እጃቸውን አነሱልኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ባንክ ቤት ሠራተኛ ነው። በሕይወቴ በሳይንስ ያሳመንኩት የመጀመሪያ ሰው፣ በዚያ ቀን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገኝ ሰው ሆኖ አረፈው።

አያ ታከለ ሊጠሯቸው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣም። ደግመው ከፈቱ፤ ባዶ ትንፋሽ ብቻ።

«የገባው ንፋስ ነው የሚወጣው» አሉ መምሬ።

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ «ገደልኸኝ» አሉኝ። ማር የሆነው አንደበት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሕክምና ዓይነት ባልናገር ይሻል ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት ፌጦ በሎሚ አመጣች። አንዱ መንገደኛ የዳማከሴ ቅጠል አሽቶ አፍንጫቸው ውስጥ ጨመረ። ሌላው «አረቄ ጉሮሮ ይከፍታል» አለ። ሞላ ደግሞ ከመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ የሆነ ካፕሱል አምጥቶ «ለጥርሴ ከተሰጠኝ የተረፈ ነው» አላቸው። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይዋጥም!» ስል አያ ታከለ ካፕሱሉን በአረቄ አወራረዱት። የአውራ ጣት ያህል መስኮት የሚፈራ ሰው ይህን ሁሉ ሲውጥ ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም።

ለትርንጎ ደወልኩና ስለ መስኮቱ ክርክርና ስለ አያ ታከለ ድምፅ ነገርኳት። ቤተሰቦቿ ዘንድ ሆና ትጠብቀናለች።

«ከየት ጀምራችሁ ተከራከራችሁ?» አለች።

«ከጎንደር።»

«አያ ታከለ እየጮኹ?»

«እየጮኹ።»

«እንግዲህ ንፋሱ አንተ ነህ» አለችኝ። «ካላናገራችኋቸው ይድናሉ። አሁን ግን ኑ። አባባ ነጩን ልብሱን ለብሶ ደጅ ደጁን ያያል። ዛሬ ካልሆነ እኮ ሌላ ቀን የለም።»

የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ቀጠነ። ያን ያህል ዘመን ጨረርና ፕላስቲክ ስፈራ ይህችን ሴት ማጣት የሚባለውን አደጋ መዝኜው አላውቅም ነበር።

ሁለት ሽማግሌ ቀረን። አንዱ ድምፅ የለውም፣ አንዱ ከአዳም ይጀምራል። በሁለት ሰው ደግሞ ሴት አትጠየቅም። አያ ታከለ ጥቂት አሰቡና ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ባርኔጣቸውን ራሴ ላይ ደፉት። ዱላቸውን አስጨበጡኝ።

«አያ፣ ይሄማ ነውር ነው። ልጁ ራሱን በራሱ...»

«ቢምረው አይቶህ ያውቃል?» አሉ በሹክሹክታ።

«ኧረ አያውቁኝም።»

«በጆሮህ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትላለህ።»

መምሬን አየኋቸው። ውሸት ነው ብለው ያስጥሉኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። «ማን ነህ ብለው ካልጠየቁህ ዝም ማለት ኃጢአት አይደለም» አሉ። ባርኔጣው ጠብቦኝ ነበር።

አያ ቢምረው ቤት ስንደርስ ገባንና ቆምን። «ተቀመጡ እንጂ» አሉን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ በጎርናና ድምፅ። አያ ታከለ ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ፣ ጥሩ ሄደሃል ለማለት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማይጨፈን ሰው ናቸው አያ ቢምረው። «ነገሩማ ከባለፈው የታወቀ ነው፤ ተቀመጡና እናውጋ» ብለው አስቀመጡን። የዳባት ብርድ አጥንት ይገባል፤ እሳቸው ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ፣ ስንጥቁንም በጨርቅ ወተፉት። «ንፋስ ክፉ ነው» አሉ። አያ ታከለ የጠፋ ወንድማቸውን ያገኙ ያህል ፊታቸው በራ። ከዚያ ገና በቅጡ ያልፋመ ከሰል የሞላበት ምድጃ ገብቶ መሐላችን ተቀመጠ። በሩም ተዘጋ።

አፍንጫዬ ቀድሞ አወቀ፤ አፌ ግን ሥራ ላይ ነበር።

«ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ አያ ቢምረው።

አያ ታከለ በጆሮዬ የነገሩኝ ስላልተሰማኝ ከራሴ አመጣሁ። «ለሰው ይጠነቀቃል።»

«ዘበኛ ነው?»

«ከዘበኛ ይለያል። ዘበኛ የሚጮኸው ሌባ ሲመጣ ነው። እሱ ሌባው ሳይመጣ ነው የሚጮኸው።»

«ፈሪ ነው በለኛ።»

«ጥንቁቅ ነው፣ አያ።»

«የፈሪና የጥንቁቅ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ራሴን ያመኝ ጀምሯል። እውነተኛ ራስ ምታት ይሁን ፍርሃቴ የወለደው አላውቅም፤ መቼም ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ነኝ። ለማረጋገጥ መምሬን አየሁ። መምሬ የጀመሩትን ጸሎት መሐል ላይ አቋርጠው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። መምሬ ንግግር ሲያቋርጡ እኔ ከተወለድኩ ወዲህ ታይቶ አያውቅም። ከአዳም የሚጀምሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ሔዋን እንኳ ጋ አልደረሱም። ከሰሉ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

መስኮቱን ብከፍት ንፋስ ለሚፈሩ ባለቤት ስድብ ነው፤ ማንነቴም ይታወቃል፣ ትርንጎም ቀረች። ዝም ብል ደግሞ ሁላችንም እዚያው እናንቀላፋለን። ማባዛት ጀመርኩ። ቁጥሩ እምቢ አለኝ። በአንድ በኩል ትርንጎ አለች፣ በሌላው በኩል አባቷ፤ እነሱ ደግሞ አይባዙም።

ዱላውን ጣልኩና ምድጃውን በጋቢው ጫፍ አንጠልጥዬ በሩን በእግሬ ከፍቼ ወደ ግቢው ሮጥኩ።

ጓሮውን ዞሬ ስወጣ ሞላን አየሁት። ጀሪካኑን አውርዶ፣ ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ በአፉ እየሳበ ወደ መኪናው ይገለብጣል። መሬቱ ረጥቧል። እኔ የጋለ እሳት ይዤ በሙሉ ኃይሌ ወደ እሱ እየሮጥኩ ነው።

ሞላ ቱቦውን ከአፉ ተፋና «ሙሽራው! ቁም! ቤንዚን ነው!» ብሎ ጮኸ።

ዳባት ሙሉ የሰማ መሰለኝ። ሙሽራው ማን እንደሆነ ከኋላዬ እየተከተሉ የወጡት አያ ቢምረውም ሰሙ። እኔ ግን ያኔ የማስበው ስለ ሌላ ነው። ቆምኩ፣ ዞርኩ፣ እሳቱን የማደርግበት አጣሁ። ከግድግዳው ሥር በነጭ ነጠላ የተሸፈነ ትልቅ በርሜል ታየኝ። ነጠላውን ገፍፌ ከሰሉን ከነምድጃው ከተትኩት። ጭሽሽሽ አለ። ከዚያ የጌሾ ሽታ ያለው እንፋሎት ግቢውን ሞላው።

ጠላ ነው። ሙሉ በርሜል፣ ገና ያልተቀመሰ ጠላ።

መምሬ የንጹሕ አየር ኃይል አንቅቷቸው በር ላይ ቆመው፣ «...ወሔዋን» ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ። ትርንጎ ከማድ ቤት ብቅ አለች፣ አየችኝ፣ ባርኔጣውን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች። ላልቅስ ወይስ ልሩጥ የሚለውን የሚወስንልኝ ሰው እየፈለግኩ ቆምኩ።

«አንተ ነህ ልጁ?» አሉ አያ ቢምረው።

አሁን ስለተጠየቅኩ ዝም ማለት ኃጢአት ነው። «እኔ ነኝ፣ አያ። መምሬ ጸሎቱን ሲያቋርጡ... ከሰሉ ሊገድለን ነበር።»

መምሬን አዩ፤ የመምሬ ፊት ገና አመድ ነው። ወደ ሞላ ዞረው የረጠበውን መሬት አዩ። ወደ በርሜሉ ሄደው ውስጡን ተመለከቱ፣ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፣ ተፉት።

«ይህ ጠላ ለምን የተጠመቀ መሰለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እምቢ ለሚባል ሽማግሌ ማን በርሜል ሙሉ ጠላ ይጠምቃል?»

ያኔ ከጀርባዬ አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ተሰማ። «እሺ ተብለናል!» አያ ታከለ ናቸው። ድምፃቸው የተመለሰው በአረቄው ይሁን በካፕሱሉ ወይም በደስታ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ በንጹሕ አየር ነው የምለው እኔ ብቻ ነኝ።

አያ ቢምረው ግን አልጨረሱም። «የጠየቅሁህን ራስህ መለስኸው» አሉ። «ፈሪ እሳት ይሸሻል፤ አንተ ይዘኸው ሮጥህ፤ ፈሪ አይደለህም። ወደ ቤንዚን ነው የሮጥኸው፤ ጥንቁቅም አይደለህም። ምን እንደሆንህ እንጃ። ልጄ ግን ሸጋ ነው ብላለች፤ ከእሷ በላይ አላውቅም።» ከዚያ ዞረው «በሩ ክፍት ይሁን፣ ብርዱን እንችለዋለን» ብለው አዘዙ። አያ ታከለ ይህን ሲሰሙ ያመኑት ሰው የካዳቸው ያህል አዘኑ።

ማምሻውን ስንመለስ ሞላ የተረፈውን ቤንዚን ጣሪያው ላይ አሰረው። እኔ አልጠየቅኩትም፤ መምሬ ናቸው፣ ጀሪካኑን ካየሁት አልሳፈርም ያሉት። «ፀሐይ ይመታዋል» ብሎ ሲያጉረመርም አያ ታከለ ጋቢያቸውን አውልቀው «በዚህ ሸፍነው» አሉት። ያለ ጋቢ ተሳፈሩ። ትንሽ እንደሄድን ሲንቀጠቀጡ አየኋቸው። መኪናው አሁን ቤንዚን አይሸትም። እጄን ዘርግቼ፣ ማንም ሳይለኝ፣ መስኮቱን ዘጋሁላቸው። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ፤ እስከ ጎንደርም ስለ ንፋስ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

እንግዲህ አንባብያን፣ ከዚያች እሑድ ወዲህ መፍራቴን ተውኩ ብዬ ብዋሻችሁ ትርንጎ ታጋልጠኛለች። ባጃጅ ውስጥ ቆብ ማድረጉን ትቻለሁ፤ እሱም ስለተሰረቀብኝ ነው። ፍሪጁን አሁንም እነቅላለሁ። ከሰል በተዘጋ ቤት አታድርጉ፣ ይህን በምታምኑት ሁሉ እለምናችኋለሁ። ቤንዚንም በአፍ አይሳብም። ያልተነገረኝ ግን ይህ ነበር፦ ሰው የሚፈራው ያስተማሩትን ሳይሆን ያየውን ነው። አያ ታከለ የዘመዳቸውን አፍ ሲጣመም አይተዋል፤ እኔ በመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ ያ ለእሳቸው እውነት ነው። ሰውየው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚሸፈንበት ፈልጉለት፤ ስለ መስኮቱ በኋላ ታወራላችሁ። እኔ ይህን ስላላወቅኩ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ አንድ ጎረቤትና አንድ በርሜል ጠላ አጥፍቻለሁ። «የፈሩት ይደርሳል» ይባላል፤ እኔ ላይ የደረሰው ግን ከፈራኋቸው ነገሮች አንዱም አይደለም።

አማቼ አያ ቢምረው አሁንም ስንሄድ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ሙሽራው መጣ፣ እሳቱን አውጡ፣ ጠላውን አስገቡ» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ እኔ የፍሪጁን ገመድ ይዤ ቆሜ፣ ትርንጎ አልጋ ላይ ሆና ስልኳን ትራሷ ሥር እየከተተች፣ «ለመሆኑ አሁን ስንት ሰጠኸኝ?» አለችኝ።

«ከፍተኛ» አልኳት።

«ታዲያ ምነው አልሸሸህ?»

«በሩ ተዘግቷላ» አልኳት። «ንፋስ እንዳይገባብሽ።»